የባንተአምላክ ቆሽት

(ዳንግላ፤ አንድ ከሰዓት በኋላ፣ የወይዘሮ የሻረግ ጓሮ። እናት ከቀፎ የወጣ ማር ታጠልላለች፤ የቆሽት በሽታ የሚያጠናው ሐኪም ልጇ ይሄነው አጠገቧ በርጩማ ላይ ተቀምጧል።)

የሻረግ፦ እኔ ደሜን መቼ ከለከልኩህ? ክንዴ ይኸው። የአንተ ግን ይቅር ብያለሁ፣ ይቅር።

ይሄነው፦ የቤተሰቡ ሁሉ ተወስዶ የእኔ ለምን ይቀራል፣ እማዬ?

የሻረግ፦ አንተ ሐኪም ነሃ። ቄስ ራሱን በራሱ ሲያናዝዝ አይቼ አላውቅም።

ይሄነው፦ የምትቀዳው ሲስተር ዘቢደር ናት፣ እኔ አይደለሁም። አሁን አጎቴ አለነ ቤት ናት። የእነሱን እንደጨረሰች በመኪና ወደዚህ ትመጣለች።

የሻረግ፦ ትምጣ። የሰው ልጅ ናት፣ ምሳዋን ትብላ፣ ማርም አስይዛታለሁ። አንተን ግን አትወጋም።

ይሄነው፦ ምክንያቱን ንገሪኛ።

የሻረግ፦ ከስተሃል።

ይሄነው፦ ኧረ ወፍሬአለሁ። ሱሪዬ እንቢ ብሎኝ ሌላ ገዛሁ።

የሻረግ፦ ሆድህን ተወው፣ ፊትህ ነው የከሳው። ያን ወንፊት አቀብለኝ፣ እጄ ማር ነው።

ይሄነው፦ የምትወስደው እኮ ትንሽ ነው። ይቺን ማንኪያ አይሞላም።

የሻረግ፦ አባትህንም ትንሽ ነው፣ ትንሽ ነው እያሉ ነበር የቀዱት። መጨረሻ ላይ ምን አገኙ? ጨጓራ ነው ብለው ሸኙት።

ይሄነው፦ ያኔ ማን ቆሽትን አስቦ? ከጨጓራ ጀርባ ተደብቃ የምትተኛ ናት፣ በእጅ አትዳሰስም። ወደ ጀርባ ሲወጋ ወገብ ነው ይባላል፣ ሲያስመልስ ጨጓራ ይባላል። ሕመሙ በተነሳበት ሰዓት ደሙን ለእሷ ብለው ቢያዩት ኖሮ ይታወቅ ነበር። ግን ለእሷ ብሎ ያየ የለም። አባዬ ሲያመው እንዴት ይቀመጥ እንደነበር ታስታውሻለሽ?

የሻረግ፦ ጎንበስ ብሎ፣ ትራሱን አቅፎ። ቀና ካለማ አለቀለት። አይ ባንተአምላክ። እዚያ ግንዱ ላይ ነበር የሚቀመጠው፣ እስከ ዛሬ ግንዱን አላስፈለጥኩትም።

ይሄነው፦ እንደዚያ ጎንበስ ማለት ለእኛ ለሐኪሞች ትልቅ ምልክት ነው። አሁን የእህቴ ልጅ ማስተዋልም እንደዚያ ትቀመጣለች።

የሻረግ፦ ተው እንጂ።

ይሄነው፦ አዝመራ ነግራሻለች አይደል?

የሻረግ፦ ነግራኛለች። እሷ ስትለው እናት ስለሆነች ትሰጋለች ብዬ አለፍኩት። አንተ ስትለው ግን አላልፈውም። የልጅ ልጄ ገና ጥርሷን እየቀየረች ነው። ምን የሚያህል ቆሽት አላትና ነው የሚያማት?

ይሄነው፦ አዝመራም የታመመችው እሷን ስታክል ነው። ረሳሽው? አንቺ ኮሶ ነው ብለሽ ታጠጫት ነበር።

የሻረግ፦ እኔ ምን ላድርግ፣ ሰፈሩ ሁሉ ሐኪም ነበር። አንዷ ኮሶ ስትል አንዷ ቡዳ ትላለች። ልጄን ሲያሿት ከረሙ።

ይሄነው፦ ሰፈሩ አባዬንስ ምን ይለው ነበር?

የሻረግ፦ እሱን አታንሳብኝ። ማሩ ይመረኛል።

ይሄነው፦ አንሺው፣ የመጣሁት ለዚሁ ነው።

የሻረግ፦ ተደብቆ ይጠጣል ነዋ! ሐኪሙ ይሄ በሽታ የጠጪ ነው ብሎ ካፉ አመለጠው። አጠገባችን የተኛች አንዲት ሴት ሰማች። እኛ ከሆስፒታል ሳንወጣ ወሬው ዳንግላ ገብቶ ቁጭ ብሎ ጠበቀን። ባንተአምላክን! ጠላ ሲቀርብለት ሰው እንዳይቀየመው ከንፈሩን አስነክቶ የሚመልሰውን ሰው! ለቅሶው ላይ እንኳ አንዷ ጆሮዬ ስር መጥታ፣ ምነው አረቄውን በጊዜ ብታስተዪው ኖሮ አለችኝ። እያለቀስኩ ነበር፣ እንባዬ በአንዴ ቀጥ አለ።

ይሄነው፦ የአባዬ ዘመዶችስ?

የሻረግ፦ እነሱማ ገዳይዋን አገኟት፤ እኔን። ቆሽቱን አሳርራ አሳርራ ጨረሰችው አሉ። መቼም አልዋሽም፣ እጨቀጭቀው ነበር። ግን የሚስት ጭቅጭቅ ቆሽት የሚያሳርር ቢሆን፣ ዳንግላ ውስጥ ቆሽት ያለው ባል ይገኝ ነበር?

ይሄነው፦ ይሄን ለፕሮፌሰራችን ብነግረው ጥናቱ ውስጥ ካልገባ ይለኛል።

የሻረግ፦ ይግባ። እኔንም ነፃ ታወጡኝ ነበር።

ይሄነው፦ እሱን ልልሽ ነው። አየሽ፣ አያቴን አሞታል፣ አባዬን አሞታል፣ አዝመራን ያማታል፣ አሁን ማስተዋል ተጨመረች። መጠጥ ነው እንዳንል ማስተዋል የምትጠጣው ወተት ነው። የሐሞት ጠጠርም ቆሽትን ያስቆጣል፣ እሱን በአልትራሳውንድ ፈልገን አጣነው። እንግዲህ የቀረን ወይ በደም የሚወረስ ነገር ነው፣ ወይ ከዚህ ቤት የመጣ ነገር ነው።

የሻረግ፦ ከዚህ ቤት? ከእኔ ቤት ምን ይወጣል?

ይሄነው፦ ምን አውቃለሁ፣ የጉድጓዱ ውሃ፣ የማድቤቱ ጭስ፣ የእህሉ አቀማመጥ፣ ቅመሙ…

የሻረግ፦ ይኸው! ከጭቅጭቁ አወጣችሁኝና በቅመም ልትይዙኝ ነው።

ይሄነው፦ አልያዝንሽም፣ ገና እየጠየቅን ነው። በሌላ አገር የታወቁ፣ ይሄን በሽታ የሚያወርሱ የደም ምልክቶች አሉ። በእነ አዝመራ ደም ፈለግናቸው፣ የሉም። ማንም ያላወቀው አዲስ ምልክት ሊሆን ይችላል። ወይም ጨርሶ ከደም ላይሆን ይችላል። መለየት አለብን።

የሻረግ፦ ብትለዩትስ? ከደሟ ትነቅሉላታላችሁ?

ይሄነው፦ አንነቅለውም። ከውሃው ከሆነ ግን ውሃውን እንቀይራለን። ከደም ከሆነ ደግሞ ማስተዋልን ከአሁኑ እንጠብቃታለን። ቅባት ይቀነስላታል፣ አድጋም መጠጥና ሲጋራ ባጠገቧ አይደርስም፣ በየጊዜው ትታያለች። የቤተሰቡን ሌሎች ልጆችም ሳይታመሙ እናውቃቸዋለን። ሲያማት ደግሞ ጨጓራ ነው፣ ኮሶ ነው እያለ የሚያጉላላት አይኖርም። አባዬን ያልደረስንለትን ለእሷ እንደርሳለን።

የሻረግ፦ ታዲያ ከእሷ ውሰዱ፣ ከእናቷ ውሰዱ፣ ከእኔም ውሰዱ። አንተ መቼ ታመምክና ነው?

ይሄነው፦ ያልታመመ ሰው ነው የምንፈልገው፣ እማዬ።

የሻረግ፦ ያልታመመ ምን ያደርግላችኋል?

ይሄነው፦ የቤቱን ነገር የሚነግረን እሱ ነው። ከልጅነቱ ጀምሮ እዚህ ያደገ፣ እነ አዝመራ የጠጡትን ውሃ የጠጣ፣ የታጠኑትን ጭስ የታጠነ፣ ከእነሱ ጋር ከአንድ መሶብ የበላ ሰው።

የሻረግ፦ እኔስ? ስንት ዘመን ነው ከዚህ መሶብ የምበላው?

ይሄነው፦ አንቺ ያደግሽው ቲሊሊ ነው፣ ለአቅመ ሔዋን ደርሰሽ ነው ወደዚህ የመጣሽው። ሕመሙ የሚጀምረው ደግሞ በልጅነት ነው።

የሻረግ፦ በአንተ ወሬ ማሬ ፈሰሰ።

ይሄነው፦ ምንም አልፈሰሰም።

የሻረግ፦ ሊፈስ ነበር። … እኔ የምልህ ይሄነው፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ። ለራሴ አይደለም። አንዲት ጎረቤቴ፣ ልጅሽ ሲመጣ ጠይቂልኝ ብላኝ ነው።

ይሄነው፦ የትኛዋ?

የሻረግ፦ አታውቃትም፣ አዲስ ገቢ ናት። ደም ላይ ምን ምን ይታያል?

ይሄነው፦ የፈለግነው ነገር ነው የሚታየው።

የሻረግ፦ እሷ የሰማችው፣ ማን የማን ልጅ እንደሆነ ይናገራል ሲባል ነው።

ይሄነው፦ እሱ ሌላ ምርመራ ነው፣ እኛ አንሠራውም። እንዲህ ብሎሻል በያት።

የሻረግ፦ ሳትፈልጉት ቢያጋጥማችሁስ? እኔ መርፌዬ ጠፍቶ ስፈልግ ስንት ነገር ነው የማገኘው።

ይሄነው፦ ሊያጋጥመን ይችላል፣ አልዋሽሽም። ለዚህ ነው ከመውጋታችን በፊት ሰውየውን ራሱን፣ የሥጋ ዘመድ ነህ ወይ ብለን የምንጠይቀው።

የሻረግ፦ ነኝ ቢልስ? ዋሽቶ።

ይሄነው፦ ጥናቱ ይጣመማል። የአባዬ ደም የሌለበትን ሰው፣ አለበት ብለን እንቆጥረዋለን። ከዚያ የሚገኘው መልስ ሁሉ ስህተት ነው። ማስተዋልን የምንመራት በዚያ ስህተት ነው።

የሻረግ፦ ሰውየው የማይናገርበት ምክንያት ቢኖረውስ? ግዝት ያለበት ነገር ቢሆንስ?

ይሄነው፦ ጎረቤትሽ ግዝት አለባት እንዴ?

የሻረግ፦ አለባት። ባሏም ነበረበት። የንስሐ አባታቸው መስቀላቸውን አውጥተው፣ ይሄን ልጅ ከሆዴ አልወጣም ያለች፣ ከአብራኬ አልተከፈለም ያለ ብለው ገዝተዋል። ሽማግሌዎች ነበሩ። ልጁን የጡት ልጅ አድርጋ ነው ያመጣችው። በማር።

ይሄነው፦ የንስሐ አባታቸው አሉ?

የሻረግ፦ አርፈዋል።

ይሄነው፦ ከእሳቸው ቦታ የገቡት ይፈቱታል። አባ ሣህሉን ጠይቄአቸው ነበር፣ ሕፃን ለማዳን ከሆነ ይፈታል ብለዋል።

የሻረግ፦ ጠይቀሃቸዋል? መቼ? … ለምን ጠየቅሃቸው?

ይሄነው፦ በጥናቱ ስንት ዓይነት ሰው ያጋጥመናል፣ ለጠቅላላ እውቀት ነው። ጎረቤትሽ የምትፈራው ግዝቱን ብቻ ነው?

የሻረግ፦ ግዝቱማ በሷና በእግዜር መካከል ነው፣ ይታረቃሉ። የምትፈራው ልጁን ነው። ይሄን የሰማ ቀን እማዬ ማለቱን ትቶ ወይዘሮ ብሎ ቢጠራትስ? በአክብሮት ቢያናግራትስ? አንቺ ሲላት ኖሮ አንድ ቀን እርስዎ ቢላት፣ ያን ቀን ነው የምትሞተው።

ይሄነው፦ ልጁ ምን ዓይነት ሰው ነው?

የሻረግ፦ ግትር ነው። ሲበላ ያላምጣል ወይስ ይወቅጣል አይታወቅም፣ ከደጅ ይሰማል። ስልክ ሲደወልለት ስብሰባ ላይ ነኝ ይላል። ግን ጥሩ ልጅ ነው። እሷን የሚያሳዝናት ጥሩነቱ ነው።

ይሄነው፦ እማዬ፣ የጎረቤትሽ ልጅ ያውቃል።

የሻረግ፦ ምኑን?

ይሄነው፦ ማሩን። ጡቷን ማር አስነክታ፣ ቀጥሎም አውራ ጣቷን ማር አጥቅሳ በሽማግሌዎች ፊት እንዳላሰችው። ከዚያ በፊት ልጅ እንዳልነበራት፣ እህቱ ከእሱ በኋላ እንደተወለደች። ሁሉንም ያውቃል።

የሻረግ፦ ማን ነገረው?

ይሄነው፦ አባቱ።

የሻረግ፦ ባንተአምላክ? ግዝት እያለበት?

ይሄነው፦ ግዝት እያለበት። ልጅ ሆኜ ያልበሰለ ኮክ በልቼ ሆዴን ቆረጠኝ። እንደ አባዬ ጎንበስ ብዬ ተቀመጥኩ። የእሱ በሽታ ያዘኝ፣ እንደ እሱ ልሞት ነው ብዬ ጓሮ ተደብቄ ሳለቅስ አገኘኝ። ራሱም እያመመው ነበር። ትራሱን ወዲያ አደረገና እዚያ ግንድ ላይ አጠገቡ አስቀመጠኝ። ይሄ ሕመም ከአባቴ ነው የመጣብኝ፣ ወደ አንተ ግን አይመጣም፣ አንተ በማር ነው የመጣኸው፣ አትፍራ አለኝ። ግዝቱ በእኔ ላይ ይሁን፣ ልጅ እየፈራ አያድርም አለ።

የሻረግ፦ እንዲህ አለ?

ይሄነው፦ እንዲህ አለ። እናትህ ራሷ እስክትነግርህ ግን እንዳላወቅህ ሁን፣ ቃል ግባልኝ አለኝ። ቃል ገባሁ። ዛሬ ጎረቤትሽ ነገረችኝ።

የሻረግ፦ አይ ባንተአምላክ! እኔ አፌን ሰፍቼ እኖራለሁ፣ በእንቅልፌ እንዳልናገር ብዬ ሰው ቤት አላድርም፣ እሱ ግንድ ላይ ቁጭ ብሎ ነግሮህ ነው የሞተው? ተነስቶ ቢሆን የዛሬው ጭቅጭቄ ይለይ ነበር። አሁንስ ቆሽቱን አሳርርለት ነበር።

ይሄነው፦ እያለቀስሽ ነው ወይስ እየሳቅሽ?

የሻረግ፦ እኔ ምን አውቄ። በማር እጄ ዓይኔን ነካሁት። አዝመራስ?

ይሄነው፦ ታውቃለች። እኔ ነገርኳት።

የሻረግ፦ አለነስ?

ይሄነው፦ አጎቴማ ከሽማግሌዎቹ ጋር ተቀምጦ ነበር አሉ። ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል እማዬ። አባዬን በአረቄ ያማ ሰፈር አንቺን በዚህ አንድም ቀን አንስቶሽ አያውቅም። ግዝቱን ፈሩት።

የሻረግ፦ ታዲያ ይሄን ሁሉ ዘመን የምደብቀው ከማን ነበር?

ይሄነው፦ ከዶሮዎቹ ይመስለኛል።

የሻረግ፦ አትሳቅ። … የወለደችህ ጓደኛዬ ነበረች፣ የቲሊሊ ልጅ። ዓይንህን ሳታየው ነው ያረፈችው። ሌላ ቀን ቁጭ ብዬ እነግርሃለሁ፣ ዛሬ አልችልም።

ይሄነው፦ ሌላ ቀን። እኔም ዛሬ ስሟን ለመስማት አልደፍርም።

የሻረግ፦ ግን ካወቅህ ለምን አንተው አልተናገርክም? እዚያው ላሉት የጥናቱ ሰዎች፣ እኔ ከደሙ የለሁበትም ብትላቸው ያበቃ አልነበር?

ይሄነው፦ አንቺ ልጄ ነው እያልሽ እኔ ቀድሜ አይደለሁም ልበል? ልጅነቴን በገዛ እጄ ላፍርስ? እሱን አላደርገውም። ማስተዋል እያመማት እንኳ አልቻልኩም። ለዚህ ነው ሳልናገር የሰነበትኩት።

የሻረግ፦ እና አሁን ዘቢደር መጥታ ስትጠይቅህ፣ የማን ልጅ ነኝ ልትላት ነው?

ይሄነው፦ የየሻረግና የባንተአምላክ ልጅ ነኝ፣ ደሜ ግን ሌላ ነው እላታለሁ። ሁለቱም እውነት ነው፣ ጥናቱ ሁለቱንም ይፈልገዋል።

የሻረግ፦ ደምህ ሌላ ከሆነ ልጅነትህ ለጥናቱ ምን ያደርግለታል?

ይሄነው፦ አልገባሽም እማዬ። ደሙ ሌላ የሆነ ሰው ዳንግላ ሞልቷል፣ ከመንገድ አንዱን ጎትተን ብናመጣው ምንም አይነግረንም። እኔ የምፈለገው በዚህ ጭስ ስላደግሁ ነው፣ አንቺ ስላጎረስሽኝ ነው። በእነ አዝመራ ደም ያለው በእኔም ከተገኘ ከቤቱ ነው፣ በእኔ ከሌለ ግን ከዘር ነው ለማለት ይረዳናል። የአንቺ ልጅ ባልሆን ኖሮ ደሜ ለማስተዋል አይጠቅማትም ነበር።

የሻረግ፦ ድገመው።

ይሄነው፦ የአንቺ ልጅ ስለሆንኩ ነው የምጠቅማት።

የሻረግ፦ … እሺ። የባንተአምላክስ ስም? ጠጪ አልነበረም ተብሎ ይወጣል?

ይሄነው፦ ቃል አልገባልሽም። ደም ነው ከተባለ አባዬም ነፃ ነው፣ አንቺም ነፃ ነሽ። ውጤቱ ግን ወዴት እንደሚሄድ አላውቅም። ቅመምሽም ሊሆን ይችላል።

የሻረግ፦ ቅመሜ አይደለም።

ይሄነው፦ እናያለን።

የሻረግ፦ ምን ታያለህ፣ ይሄን ቅመም በልተህ አይደል እንዲህ ሱሪ እንቢ ያለህ? እሱን ለፕሮፌሰርህ ንገረው።

ይሄነው፦ ይኸው ገባሽ። ጥናቱ ማለት እኮ ይሄ ነው። … መኪናው መጣ መሰለኝ።

የሻረግ፦ እሱ ነው። ሲስተር ዘቢደር ነጭ ለብሳ ወረደች። ይቺ ቀጭን ናት እንዴ የምትወጋን? ምሳ ሳትበላ መርፌ አታነሳም። ና እስኪ አንተ ወደዚህ ጠጋ በል፣ ጎንበስ በል።

ይሄነው፦ እማዬ፣ ምን ልታደርጊ ነው? አውራ ጣትሽ እኮ ማር ብቻ ነው። ደግሞ ሰው እያየን ነው፣ ሲስተር በሩ ላይ ናት።

የሻረግ፦ ትይ። ያኔም ያለ ምስክር አልላስክም። አፍህን ክፈት፣ ከዚያ በኋላ ትውጋህ።